«ዘ ዎክ» ባልሠራው ጥፋት አይከሰስ

ሰሞኑን አንድ የፊልም ሂስ አነበብኩ። «ዘ ዎክ» የተባለውን የ2015 ፊልም ከላይ እስከ ታች ያብጠለጥላል። ጸሐፊው ጥሩ ብዕር አላቸው። ቀልዳቸውም ይጥማል። ጽሑፉን ስጨርስ ግን እሳቸው ያዩትና እኔ ያየሁት ፊልም አንድ መሆኑን ተጠራጠርኩ። ዝም ብዬ ላልፈው ነበር፤ አልቻልኩም።

ፊልሙን ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ፊሊፕ ፔቲ የሚባል ፈረንሳዊ የገመድ ላይ ተራማጅ አለ። ኦገስት 7 ቀን 1974 ጠዋት፣ አንድ ሰዓት አለፍ ሲል፣ በኒው ዮርክ የዓለም ንግድ ማዕከል መንትያ ሕንጻዎች አናት መካከል በድብቅ ባስወጠረው የብረት ገመድ ላይ ወጣ። ከመሬት ከ400 ሜትር በላይ ነው። ከታች መረብ የለም። ወገቡ ላይ የታሰረ ነገርም የለም። 45 ደቂቃ ያህል እዚያ ቆየ፤ ስምንት ጊዜ ተመላለሰ። ዕለቱ በእኛ ነሐሴ 1 ቀን 1966 ዓ.ም. ነው። የፍልሰታ ጾም የሚያዝበት ቀን፤ አብዮቱም የሚንተከተክበት ክረምት። (ከዚህ በኋላ «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ናቸው።)

ዳይሬክተሩ ሮበርት ዜሜኪስ ይህን ታሪክ ፔቲ ራሱ ከጻፈው መጽሐፍ ተነስቶ ሠራው። ጆሴፍ ጎርደን-ሌቪት ፔቲን ሆኖ ይተውናል። ቤን ኪንግስሊ ደግሞ ፓፓ ሩዲን፣ ማለትም የሙያ አባቱን፣ ሆኖ ይመጣል።

ጸሐፊው ብዙ ክስ ነው የደረደሩት። ፊልሙ ዕብደትን ጀግንነት ያደርጋል፤ ጥሩ ዘጋቢ ፊልም እያለ አላስፈላጊ ድግግሞሽ ነው፤ መጨረሻው ስለሚታወቅ ልብ አይሰቅልም፤ ሕንጻዎቹ ላይ በኋላ ስለደረሰው ነገር ትንፍሽ አይልም፤ ሕግ ጥሶ የተሸለመን ሰው ያሞግሳል፤ ወጣት ያሳስታል፤ ተራኪው ይሰለቻል፤ የፍቅር ታሪኩ ማጣፈጫ ነው፤ ገንዘብም አላመጣም። አንዳንዱ ላይ ረዘም ያለ መልስ አለኝ። አንዳንዱን በሁለት መስመር አልፈዋለሁ። አንዱ ላይ ደግሞ ከሳሹ ራሳቸው ለዘብ ብለዋል ባይ ነኝ።

ከዕብደቱ ልጀምር። ጸሐፊው ፔቲን ዕድለኛ እብድ ይሉታል። የዚያን ዕለት ጠንከር ያለ ንፋስ ቢመጣ ኖሮ ዛሬ ስሙን የሚያነሳው አልነበረም፤ ፊልሙም ዕድልን ችሎታ አስመስሎ ሸጠልን ነው የሚሉት።

እስቲ ፊልሙን እንደገና እንየው። ርዝመቱ 123 ደቂቃ ነው። ከዚህ ውስጥ በሁለቱ ሕንጻዎች መካከል ባለው ገመድ ላይ የሚያልፈው ትንሹ ነው። የቀረው መለካት ነው፣ መሰለል ነው፣ መሸከም ነው፣ ማሰር ነው፣ መጨቃጨቅ ነው። አንድ ፊልም ዕብደትን ለማሞገስ ቢነሳ ይህን ሁሉ ጊዜ ስለ ገመድ አስተሳሰር ለማውራት አያጠፋም ነበር።

እውነተኛው ታሪክም እንደዚያው ነው። ፔቲ የሕንጻዎቹን ወሬ መጀመሪያ ያየው በ1968 ነው። ጥርሱን ሊታከም ወረፋ ሲጠብቅ አንድ መጽሔት አገላብጦ ነው ያገኘው። ሕንጻዎቹ ገና አልተሠሩም። ከዚያ ስድስት ዓመት ፈጀ። በ1971 ፓሪስ ውስጥ በኖትር ዳም ካቴድራል ሁለት ማማዎች መካከል ተራመደ። በ1973 ሲድኒ ሄዶ የወደቡ ድልድይ ላይ ደገመው። ኒው ዮርክ ገብቶ የፈረንሳይ መጽሔት ጋዜጠኛ ነኝ ብሎ ጣራ ላይ ያሉ ሠራተኞችን ቃለ መጠይቅ አደረገ፤ ዓይኑ ግን መልሕቅ የሚታሰርበትን ቦታ እየፈለገ ነበር። ሄሊኮፕተር ተሳፍሮ ከላይ ፎቶ አነሳ። የጣራውን ሞዴል በትንሹ ሠራ። ፈረንሳይ ሜዳ ላይ ገመድ ወጥሮ ሲለማመድ ጓደኞቹ ንፋስ ሆነው ገመዱን ይንጡለት ነበር።

ምስማር ረግጦ እግሩ ሲቆስል እንኳ ነገሩን ለጥቅም አዋለው። ክራንች ይዞ ሲመጣ ጥበቃዎቹ መታወቂያ በመጠየቅ ፈንታ በር ይከፍቱለት ጀመር። ይህቺ ትዕይንት ፊልሙ ውስጥ አለች፤ ጸሐፊው የሆሊዉድ ፈጠራ ነች ብለው አልፈዋታል። እውነት ነች።

አሁን ወደ ገመዱ ልምጣ፤ ሂሱ ጨርሶ ያልነካው እሱን ነውና። የብረት ገመዱ ክብደት 200 ኪሎ ገደማ ነው። አንድን እንዲህ ያለ ነገር ከአንዱ ሕንጻ ጣራ ወደ ሌላው እንዴት ታሻግረዋለህ? መወርወር አይቻልም። በመካከል ከ40 ሜትር የሚበልጥ ባዶ አለ። መፍትሔው ቀስት ሆነ። የፔቲ ዋና አጋር ዣን ሉዊ ብሎንዶ በሰሜኑ ሕንጻ ጣራ ላይ ሆኖ ቀጭን የዓሣ ማጥመጃ ክር የታሰረበትን ቀስት በጨለማ ወረወረ። በዚያ ክር ወፈር ያለ ገመድ ተሳበ። በእሱ ሌላ የበለጠ ወፍራም፤ በመጨረሻ ብረቱ። ፔቲ በደቡቡ ጣራ ጠርዝ ላይ ክሩን በጨለማ ማየት ስላቃተው ልብሱን አውልቆ በገላው ነበር የፈለገው። ይህም እውነት ነው፤ ፊልሙም አሳይቶታል። ብረቱ መሳብ ሲጀምር ከእጃቸው አምልጦ ቁልቁል ተንጠለጠለ። ሌሊቱን ሙሉ ሲጎትቱት አደሩ።

ሌላም ነገር አለ። የተወጠረ የብረት ገመድ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ይወዛወዛል፤ ይባስ ብሎ በራሱ ዙሪያ ይጠመዘዛል። ረጃጅም ሕንጻዎችም በንፋስ በትንሹ ይንቀሳቀሳሉ፤ ሁለቱ ጫፎች ሲሸሹና ሲቀራረቡ ገመዱ ይጠብቃል፣ ይላላል። ስለዚህ ዋናው ገመድ በግራና በቀኝ በሌሎች ቀጫጭን ገመዶች መወጠር አለበት። ባለሙያዎቹ ካቫሌቲ ይሏቸዋል። ፊልሙ ስለ እነዚህ ገመዶች ደጋግሞ የሚጨቀጭቀው ለዚህ ነው። እጁ ላይ ያለው ዘንግም ለጌጥ አይደለም። 8 ሜትር ገደማ ርዝመት፣ 25 ኪሎ ገደማ ክብደት አለው። ረጅም በመሆኑ የሰውየው መዘንበል ይዘገያል። ጫፎቹ ወደ ታች ስለሚለምጡ ደግሞ የክብደቱ መሀል ወደ ገመዱ ይጠጋል። ለማስተካከል ጊዜ የሚሰጠው እሱ ነው።

ጸሐፊው ለማስፈራሪያ ሌላውን ታዋቂ የገመድ ተራማጅ ካርል ዋሌንዳን ጠርተዋል። በእርግጥ ዋሌንዳ በ1978 ፖርቶ ሪኮ ሳን ሁዋን ውስጥ በ73 ዓመቱ ከገመድ ወድቆ ሞተ። ንፋስም ነበረ። ጸሐፊው ግን ታሪኩን እዚያ ላይ ቆርጠውታል። የዋሌንዳ ቤተሰቦች ለአደጋው ምክንያት ያሉት ንፋሱን ብቻ አይደለም፤ የጎን ማወጠሪያ ገመዶቹ በትክክል አልታሰሩም ነበር። እንግዲህ ይህ ምሳሌ የማንን ሐሳብ ነው የሚደግፈው? ሰውየውን የሚያድነው ወይም የሚገድለው ማታ የታሰረው ቋጠሮ ከሆነ፣ ፊልሙ ስለ ቋጠሮ ሰዓት ሙሉ ማውራቱ ልክ ነው ማለት ነው።

አዎ፣ ዕድልም ነበረ። የሌሊት ጥበቃው ወደ እነሱ ቢጠጋ ነገሩ ሁሉ ያበቃ ነበር። ሸራ ስር ተደብቀው ሰዓታት ትንፋሻቸውን ውጠው ቆይተዋል። ፊልሙ ይህንን አልደበቀም።

ሁለተኛው ክስ ስለ ዘጋቢ ፊልሙ ነው። የጄምስ ማርሽ «ማን ኦን ዋየር» በ2008 ወጣ፤ በቀጣዩ ዓመት ኦስካር ወሰደ። ፔቲ መድረክ ላይ ወጥቶ የኦስካር ሐውልቱን አገጩ ላይ አቁሞ ሰዉን አሳቀ። በጣም ጥሩ ፊልም ነው። ጸሐፊው ካደነቁት በላይ ባደንቀው ደስ ይለኛል። ግን «እሱ ካለ ይሄኛው ለምን?» የሚለው ጥያቄ አንድ ትልቅ ነገር ዘንግቷል።

የዚያ ጠዋት ተንቀሳቃሽ ምስል የለም። 45 ደቂቃውን ሙሉ ገመዱ ላይ የቀረጸው የፊልም ካሜራ አልነበረም። ያለን ዣን ሉዊና ሌሎች ያነሷቸው ፎቶዎች ናቸው። ስለዚህ ዘጋቢ ፊልሙ ወደ ዋናው ነገር ሲደርስ ያለው ምርጫ አንድ ነው፦ ፎቶ፣ ሙዚቃና የሰዎች ትዝታ። በእነዚህ ድንቅ ሥራ ሠርቷል። ግን ፔቲ ሲራመድ አላየንም። የቆመ ሰው ነው ያየነው። ዜሜኪስ የገባው ካሜራ ባልነበረበት ቦታ ነው። ድግግሞሽ የሚባለው ያለ ነገር ሲደገም ነው።

ሁሉም የኮምፒውተር ሥራ ነው የሚለው ወቀሳም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ታዲያ ምን ይደረግ? ሕንጻዎቹ የሉም። የጣራው ጠርዝ ሞንትሪያል ስቱዲዮ ውስጥ ተሠራ፤ የቀረው በኮምፒውተር ተሞላ። ተዋናዩ ግን ገመድ ላይ መቆምን ከማንም አልተማረም፣ ከፔቲ ከራሱ እንጂ። ስቱዲዮ ውስጥ የረገጠው ገመድ ዝቅ ያለ ቢሆንም ገመድ ነው። እግሩ የሚያርፍበትን መንገድ ስታዩ ያስታውቃል፤ መጀመሪያ ጣቶቹ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ተረከዙ።

በኒው ዮርክ የፊልም ፌስቲቫል ላይ ሲታይ አንዳንድ ተመልካቾች ማቅለሽለሽ እንደያዛቸው፣ ያስመለሳቸውም እንደነበሩ ተዘግቧል። ጸሐፊው ይህንን የርካሽ ብልሃት ማስረጃ አድርገውታል። እኔ ግን የማየው ሌላ ነገር ነው። ዜሜኪስ ከፍታውን ያሳየው ሰው ሲወድቅ በማሳየት አይደለም። ከሕንጻዎቹ ማንም አይወድቅም። ፍርሃቱ የሚመጣው ከርቀት ስሜት ብቻ ነው፤ ቁልቁል የሚታየው መንገድ፣ ነጥብ የሚያካክሉት መኪኖች። ለዚህ ደግሞ ትልቅ ስክሪን ያስፈልጋል። ፊልሙን በስልክ ያያችሁት ካላችሁ ግማሹ ቀርቶባችኋል፤ ጸሐፊውም እንደዚያ አይተውት ከሆነ ቅሬታቸው ይገባኛል።

መጨረሻው ይታወቃል፣ ስለዚህ ልብ አይሰቅልም ለተባለው ደግሞ፦ ሰውየው እኮ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ በሕይወት ቆሞ ታሪኩን የሚነግረን ራሱ ነው! ዜሜኪስ ይሞት ይሆን ብለን እንድንጨነቅ ፈልጎ አያውቅም። ያስጨነቀን ሌላ ነው። ሠራተኞቹ ጠዋት ከመምጣታቸው በፊት ገመዱ ይደርሳል ወይ? ጥበቃው ዘወር ብሎ ያያቸዋል ወይ? ከአጋሮቹ ማን ይከዳል? አንዱ በመጨረሻው ሌሊት ጥሏቸው ይሄዳል፤ እውነትም የሆነ ነው። ከእነዚህ ጥያቄዎች መልሱን አስቀድሞ የሚያውቅ ብዙ ተመልካች ያለ አይመስለኝም። ጸሐፊው ያወደሱት ዘጋቢ ፊልምም የተሠራው በዚሁ ስልት ነው፤ እንደ ባንክ ዘረፋ ታሪክ።

ቀጥሎ ያለው ክስ ከበድ ያለ ነው። ሕንጻዎቹ በ2001 በሽብር ጥቃት ፈረሱ፤ ወደ 3 ሺህ የሚጠጋ ሰው ሞተ። ፊልሙ ይህን አንድም ጊዜ በስሙ አይጠራም። ጸሐፊው ይህንን ፍርሃት ይሉታል፤ ገበያ ፍለጋም ይሉታል።

አንደኛ፣ «ማን ኦን ዋየር»ም አይጠራውም። አንድም ቃል የለም። ማርሽ ሆን ብሎ ነው የተወው። ጸሐፊው አንዱን ጨዋ ብለው ሌላውን ፈሪ ያሉበት ሚዛን የት እንዳለ አልገባኝም። ዝምታው ጥፋት ከሆነ የሁለቱም ጥፋት ነው።

ሁለተኛ፣ ፊልሙ ዝም አላለም። ሕንጻዎቹ ገና ሲሠሩ፣ ሰዉ ሲጠላቸው፣ ከዚያ ሲወዳቸው አሳየን። ፔቲ የሚተርከው የነጻነት ሐውልት ችቦ ላይ ቆሞ ነው፤ ከኋላው ሕንጻዎቹ ሁልጊዜ ይታያሉ። መጨረሻ ላይ ወደ ሰገነቱ እንደፈለገ መውጫ የይለፍ ወረቀት እንደተሰጠው ይነግረናል። ወረቀቱ ላይ የማብቂያ ቀኑ ተሰርዞ «ለዘለዓለም» ተብሎበታል። ይህንን ብሎ ዝም ይላል። ሕንጻዎቹ ያበራሉ፤ ቀስ ብሎ ይጨልማል። አለቀ። ይህንን አይቶ 2001ን ያላሰበ ተመልካች ማን ነው? የእሳት ምስል ቢጨመርበት ኖሮ ገበያ ፍለጋ የሚለው ክስ ያኔ ያምርበት ነበር።

እኛ ደግሞ የራሳችን ትዝታ አለን። ያ ቀን በእኛ መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም. ነው። እንቁጣጣሽ። ዜናው የደረሰን ከሰዓት በኋላ፣ ድግሱ ሳይነሳ፣ ዘመድ ቤት ቁጭ ባልንበት ነው። ኒው ዮርክና ዋሽንግተን ዘመድ ያለው ሁሉ ስልክ ላይ ተጣደፈ። ለዚያ ትውልድ የሕንጻዎቹ ምስል አንድ ብቻ ሆኖ ቀረ፤ ጭስ። ሌላ ምስል የሚጨምርልን ሥራ ሲመጣ ለምን ጭሱን አላሳየህም ብሎ መውቀስ ግራ ያጋባኛል።

ስለ ሕጉ ጸሐፊው በከፊል ልክ ናቸው። 25 ኪሎ የሚመዝን ዘንግ ከ400 ሜትር ቢወድቅ ከታች ያለውን እግረኛ ይገድላል። ፊልሙ ይህን ጥያቄ አያነሳም። ከታች ያለው ሕዝብ የሚታየን አንጋጦ ሲያጨበጭብ ብቻ ነው። አንድ ሰው ለራሱ ሕይወት ሊወስን ይችላል እንበል፤ ለመንገደኛው ግን ማን ወሰነለት? ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔም መልስ የለኝም።

ግን «ወንጀለኛን ሸለሙት» የሚለው አገላለጽ የሆነውን ነገር ያዛባል። ፔቲ ከገመዱ እንደወረደ በካቴና ታሰረ። ለአእምሮ ምርመራም ተወሰደ። ያለ ፈቃድ በመግባትና ሥርዓት በማደፍረስ ተከሰሰ። በኋላ ዐቃቤ ሕጉ ክሱን አነሳለት፤ በምትኩ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ለሕጻናት በነጻ ትዕይንት እንዲያሳይ ተስማሙ። እውነቱን ለመናገር ከወር እስራት ይልቅ ከተማዋ ያተረፈችው በዚህ ነው።

የሕንጻዎቹ ባለቤት የኒው ዮርክና ኒው ጀርሲ የወደብ ባለሥልጣን ፊቱን የፈታውም በደግነት ብቻ አልነበረም። ሕንጻዎቹ የተመረቁት በ1973 ነው። የከተማው ሰው አልወደዳቸውም፤ የቆሙ ሳጥኖች ይላቸው ነበር። ብዙው ቢሮ ተከራይ አጥቷል። አንድ ጠዋት ዓለም ሁሉ ስለ እነሱ አወራ፤ ያውም በነጻ። የይለፍ ወረቀቱን የሰጠው የማስታወቂያ ጥቅሙን ያወቀ መሥሪያ ቤት ነው። ፊልሙ ይህንን ሒሳብ ጠቆም አድርጎ አልፎታል። ቢያጠብቀው ደስ ባለኝ።

ደግሞ ሊይዙት የወጡት ፖሊሶች ራሳቸው ምን እንዳሉ ማየት ነው። ሳጅን ቻርልስ ዳንየልስ ከመካከላቸው አንዱ ነበር። በኋላ ለጋዜጠኞች ሲናገር ሰውየውን ተራማጅ ለማለት እንደከበደው፣ ዳንሰኛ ቢለው እንደሚሻል ገለጸ። ሕግ አስከባሪው በአንድ ጊዜ ሊይዘውም ሊያደንቀውም ችሏል። እኛም ተመልካቾች እንደዚያ ብናደርግ ሰማይ አይደፋብንም።

ወጣት ያሳስታል የሚለው የተለመደ ስለሆነ ብዙ አልቆይበትም። ዛሬ ለፎቶ ብሎ ጣራ ጫፍ ላይ የሚንጠለጠል ልጅ ስድስት ዓመት አያጠናም፤ ስድስት ደቂቃም አያስብ። ይህ ፊልም የሚነግረው ነገር ካለ ያልተዘጋጀ ሰው እዚያ እንዳይወጣ ነው። ፓፓ ሩዲ ልጁን የሚገስጸው ምን ብሎ እንደሆነ አስታውሱ። አብዛኞቹ የሚሞቱት መጨረሻ ላይ፣ ደረስን ብለው ሲዘናጉ፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት እርምጃዎች ነው ይለዋል። ይህ የአያት ምክር እንጂ የእብድ ስብከት አይደለም።

ጸሐፊው በዚሁ አንቀጽ ሰርከስ የሚባል ነገር ለአገራችን ልጅ ምን ይፈይዳል ብለዋል። እዚህ ላይ ትንሽ ተናደድኩ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ በሰፈር ልጆች የተጀመረው ሰርከስ ኢትዮጵያ ብዙ ልጅ አሳድጓል፤ ዓለምንም አዙሯል። ከዚያ የወጣውን እንቅስቃሴ ተከትለው የመጡት ልጆች ዛሬም ኤድንብራ ድረስ ሄደው አዳራሽ ይሞላሉ። ሰርከስ አቢሲኒያን ያየ ሰው ያንን ዓረፍተ ነገር አይጽፍም። ልምምድ፣ ሚዛን፣ በጓደኛ ትከሻ ላይ መተማመን። ከዚህ በላይ ምን ይፈይድ?

ስለ ተራኪው የምከራከርበት ነገር የለም። ጎርደን-ሌቪት ችቦው ላይ ቆሞ በዓይናችን እያየን ያለነውን መልሶ ይነግረናል። ፈረንሳይኛ ቅላጼውም አንዳንዴ ከልክ ያልፋል። እውነተኛው ፔቲም ወሬኛ ነው፤ ሲያወራ እጁ አያርፍም። ግን ያ ሰበብ አይሆንም። ዜሜኪስ ገመዱ ላይ ላለችው ጸጥታ እምነት ቢኖረው ኖሮ እዚያ ላይ እንኳ አፉን ባዘጋው ነበር። ይህቺን ለጸሐፊው ሰጥቻለሁ።

ገንዘብ አላመጣም? አላመጣም። 35 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት በዓለም ዙሪያ ያስገባው 61 ሚሊዮን ገደማ ነው። ሲኒማ ቤቶቹ ድርሻቸውን ሲወስዱ ኪሳራ ነው። በአሜሪካማ 10 ሚሊዮን ላይ ነው የቆመው። ሰዉ በዚያ ሰሞን ማርስ ላይ የቀረውን ጠፈርተኛ ሊያይ ነበር የሚሰለፈው። ይህ ስለ ገበያ ይነግረናል፤ ስለ ፊልሙ ጥራት ምንም አይነግረንም። ጸሐፊው ራሳቸው ሌላ ቦታ ትኬት የሸጠ ሁሉ ጥሩ ፊልም አይደለም ብለዋል። እንግዲህ ትኬት ያልሸጠም ሁሉ መጥፎ አይደለም።

ከሳሹ ለዘብ ብለዋል ያልኩት ስለ ፍቅር ታሪኩ ነው። ጸሐፊው አኒን ማጣፈጫ ብለው በአንድ መስመር አለፏት። የፊልሙ እውነተኛ ጥፋት ግን እዚህ ጋ ነው፤ ከማጣፈጫም ይከፋል።

አኒ አሊክስ የፔቲ ፍቅረኛ ነበረች፤ በሐሳቡ ጊዜ ሁሉ አብራው የቆመች። ፊልሙ ውስጥ ነገሩ ሁሉ ካለቀ በኋላ በፍቅር ተሰናብታው የራሷን ሕልም ፍለጋ ትሄዳለች። እንባ አለ፤ ፈገግታ አለ። ያምራል። ዘጋቢ ፊልሙ የሚነግረን ግን ሌላ ነው። ፔቲ ከፖሊስ እንደተለቀቀ፣ ጓደኞቹ እየጠበቁት፣ ገና ካገኛት አንዲት አድናቂ ሴት ጋር ሄደ። ይህን የሚተርከው ራሱ ነው፤ ሳያፍር። ከአኒ ጋር የነበረው ነገር በዚያ አበቃ። ከዣን ሉዊም ጋር እንደዚያው። ቀስቱን የወረወረው፣ ገመዱን ሌሊት የጎተተው፣ ዛሬ የምናውቃቸውን ፎቶዎች ያነሳው ዣን ሉዊ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ካሜራ ፊት ስለዚያ ወዳጅነት ሲናገር ያለቅሳል። ሰውየው ታዋቂ ሆነ፤ ያወጡት ሰዎች ከኋላ ቀሩ።

ዜሜኪስ ይህንን ሁሉ ያውቃል። ዘጋቢ ፊልሙ ከእሱ ፊልም ሰባት ዓመት ቀድሞ ወጥቷል፤ ኦስካርም ወስዷል። ግን ፊልሙ የተሠራው ከፔቲ መጽሐፍ ነው፤ ተዋናዩንም ያሠለጠነው ፔቲ ነው። በዚህ ላይ ፔቲ ራሱ ተራኪ ተደርጓል። ባለታሪኩ ሦስት ቦታ ላይ ከተቀመጠ ስለ ባለታሪኩ የሚመርር ነገር ማን ይናገራል? በዚህ ምክንያት ፊልሙ የሥራውን ዋጋ በኪሎና በሜትር በደንብ ነገረን። በሰው ሲሆን ግን ቆጥቦ ነገረን። ዕብደቱ፣ ዝምታው፣ ሕግ መጣሱ ሁሉ ከዚህ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው።

ይህም ሆኖ ፊልሙን እወደዋለሁ። ከፔቲ አጋሮች አንዱን፣ ጀፍን፣ የሚጫወተው ልጅ ብቻ እንኳ ይበቃል። ጀፍ ከፍታ ይፈራል። ግን ወጥቶ ሌሊቱን ሙሉ ጣራ ጫፍ ላይ ገመድ ይጎትታል። ስለ ድፍረት ከተባለ ለእኔ ደፋሩ እሱ ነው፤ ፔቲ እኮ ከፍታ ወዳጁ ነው።

ጸሐፊው መልስ የሚጽፉ ከሆነ ስለ ንፋሱና ስለ ትኬቱ ይቆየን። ስለ አኒና ስለ ዣን ሉዊ ምን እንደሚሉ ነው መስማት የምፈልገው።